ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን

(ደብረ ብርሃን ላይ ለወጣቶችና ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው የአፍ ወጉን ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ? በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁ አባቶች ብልሆች ናችሁ። እኔ በኮት መጥቼ እየተንዘፈዘፍኩ ነው፤ መድረክ ፈርቶ ነው እንዳትሉኝ።

ስለ ውስጥ ሰላም ተናገር ነው የተባልኩት። ርዕሱ ትንሽ ከበደኝ። በየቲክቶኩና በየፌስቡኩ ብዙ ስለተወራበት ነው የከበደኝ። "ፈገግ በል፣ ሁሉም ያልፋል።" "የሚያሳዝንህን ሰው ከሕይወትህ አስወጣ።" "ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስ።" እኛ እኮ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተን ከብት የምናወጣ ሰዎች ነን! በማለዳ መነሳት ሰላም ቢሰጥ ኖሮ መንዝ ውስጥ የከፋው ሰው ባልተገኘ ነበር።

ስለዚህ እኛ በደንብ ከምናውቀው ነገር ልጀምር። ከለቅሶ።

ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ እስቲ አስቡት። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ወጉ አይደለም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ንጋት ላይ በር ይንኳኳል። ንጋት መሆኑ ብልሃት አለው። ቀኑን ሙሉ ሰው ይከብሃል፣ ሌሊቱን ብቻህን ከወሬው ጋር አታድርም። ከዚያ እድር ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበር ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት በየተራ እዝን ይዞ ይመጣል። ሐዘንተኛው አያበስልም፣ ቤት አይጠርግም። ፍራሽ ላይ ይቀመጣል። የሚመጣው ሰው "እግዜር ያጽናህ" ይልና አጠገቡ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አልቃሿ የሟቹን ስም እየጠራች፣ ደግነቱን እያነሳች ሙሾ ታወርዳለች፤ እንባው እምቢ ያለው ሰው ያኔ ያለቅሳል። ሠልስት አለ። አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ጋ ሥርዓቱ ይለያል እንጂ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም።

አያቶቻችን የሥነ ልቦና ትምህርት ቤት አልገቡም። ግን ሐዘን ስም እንደሚፈልግ፣ ሰው እንደሚፈልግ፣ ምግብ እንደሚፈልግ፣ ቀን እንደሚፈልግ አውቀው ነበር። ሲደክምም ከፍራሽ የሚያስነሳ ሰው እንደሚፈልግ ጭምር።

ችግሩ ይህ ሁሉ ለሞት ብቻ መሆኑ ነው።

ትዳሯ ለፈረሰ ሴት ድንኳን አይተከልም። ጽንስ የወረደባት "ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ" ትባላለች፣ በቃ። ከፋብሪካ ሥራው የተቀነሰ አባወራ "ሌላ ይገኛል" ይባላል። "ቻለው፣ ቻይው" ነው መልሳችን። እኔ እስከማየው ድረስ፣ በየቤቱ ውስጥ ውስጡን የሚበላን ብዙው ነገር ይሄ ለቅሶ ያልተደረሰበት ሐዘን ነው። ዛሬ የማወራው ስለሱ ነው፤ ሌላ አዲስ ነገር አልያዝኩም።

መምህር ነኝ፤ ከማውቀው ልነሳ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 ከፍ አለ ተባለና 5.4 ሆነ። የትምህርት ጥራቱን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየውና ቤቱን እንየው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ ገጠር የመጣ ልጅ አስቡ። ወላጆቹ በግ ሸጠው ቤት ተከራይተውለታል፤ በየሳምንቱ በሶና ቆሎ፣ ድርቆሽ እየተላከለት፣ በኩራዝም በባትሪም እያጠና አራት ዓመት ተማረ። አንድ ቀን ስልኩን ከፍቶ ውጤቱን አየ። ሰው አልሞተም። ግን ለአራት ዓመት አብሮት ሲያድር የነበረው ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ እሱ ራሱ ሊሆነው የነበረው ሰውዬ በዚያች ደቂቃ ሞቷል። ለዚህ ማን ያልቅስ? አባት ይቆጣል። እናት ሰው እንዳይሰማ ትደብቀዋለች። ጎረቤት "የነእከሌ ልጅ ወደቀ አሉ" ብሎ ያወራል እንጂ እዝን ይዞ አይመጣም።

በዚያ ዓመት አንድ ገበሬ አባት አይቻለሁ፣ አልረሳውም። ፊደል አልቆጠሩም። ልጃቸው በር ዘግቶ አልወጣም ማለቱን ሰምተው ከገጠር በእግራቸው መጡ። በሩ ደጃፍ ላይ ድንጋይ ስበው ተቀመጡ። አልጮሁም፣ አልመከሩም። ሲመሽ እዚያው ጋቢያቸውን ተከናንበው ቀሩ። ልጁ በመጨረሻ በሩን ሲከፍት ያሉት አንድ ነገር ነው። "በግ ሌላ ይወለዳል፤ አንተ ግን ሌላ አትወለድልኝም።" ከዚያ የቋጠሩትን ዳቦ ቆርሰው ሰጡት። ልጁ ዛሬ እንጨት ሥራ ላይ ነው፣ ጥሩ ቁም ሳጥን ይሠራል። ባይሠራም እንኳ ታሪኩ ለኔ ያው ነው።

ሌላው በደንብ ያልተለቀሰበት የቅርቡ ጊዜ ነው። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ቤቱን ያጣው፣ በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ልጆቹን በጀርባው አዝሎ ወደ ላይ የወጣው፣ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ እዚሁ ከተማችን መጠለያ ውስጥ የሚኖረው። ለሟቾቹ ተለቅሷል። ለቤቱ፣ ለጓሮው፣ ለሰፈሩ፣ በር ሲንኳኳ ሳይደነግጥ ይከፍት ለነበረው ለዚያ ሰው ግን አልተለቀሰም። አንዳንዱ ዛሬም ነጎድጓድ ሲሰማ ከአልጋው ወርዶ ይደበቃል። ይሄ ፈሪነት አይደለም። አደጋው ካለፈ በኋላም ሰውነት ዘብ መቆሙን አይተውም፤ ሰው ሰላም ነው ስላለው ብቻ ተመለስ አይልም። ጊዜ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ባለሙያ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ታላቅ ወንድሜ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ወጣ። ኦቦክ እንደደረሰ ደወለ። ጀልባ እየጠበቅን ነው አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ የለም። ዓመታት አልፈዋል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር በቤቱ ያለ ስንት ሰው እንዳለ እጅ አላስወጣችሁም፤ እንዳለ አውቃለሁ።

እናቴ እርሟን አላወጣችም። "ተዝካሩን አውጪለትና ረፍት አድርጊ" የሚሏት ነበሩ። "በሕይወት ያለ ልጄን ልቅበረው?" ትላለች። ሌሎቹ ደግሞ "ይመጣል፣ ተስፋ አትቁረጪ" ይሏታል፤ እሱም ያማታል፣ ምክንያቱም ማታ ውሻ በጮኸ ቁጥር ትነሳለች። በበዓል ዶሮ ስትሠራ የሱን ብልት ለብቻ ታወጣለች። ማንም አይነካውም።

እኔስ? እኔ በሆዴ ይዤ ዝም አልኩ። የያዝኩት ግን በሌላ በር ወጣ። ክፍል ውስጥ በትንሽ ነገር እጮሃለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ይከፈትና እስኪነጋ ጣራ ላይ እንዳፈጠጥኩ ነው። ቅዳሜ ኳስ ማየት እወድ ነበር፤ ጣዕሙ ጠፋ። ባለቤቴ "ምን ሆነሃል?" ስትለኝ "ምንም" እላለሁ። ሆዴን ግን ባር ባር ይለዋል።

ኋላ ላይ በዚህ ዓይነቱ ሐዘን ላይ ዕድሜያቸውን ስለፈጁ አንዲት አሜሪካዊት ምሁር አነበብኩ። ፖውሊን ቦስ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ አብራሪዎችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ፣ እነዚህ ሚስቶች መበለትም ሳይባሉ ባለትዳርም ሳይሆኑ መሐል ላይ እንደቀሩ አዩ። እሳቸው እንደሚሉት ሰውየው ሞቷል ወይም አለ ብሎ መወሰን ግዴታ አይደለም። ሁለቱንም ባንድ ላይ መያዝ ይቻላል። ምናልባት የለም፣ ምናልባትም ይመጣል፤ እኔ ግን ዛሬ እራቴን እበላለሁ። እንዲህ ያለው ሐዘን መቋጫ የለውም፤ መቋጫ ካላገኘሁ አልኖርም የሚል ሰው ራሱን በከንቱ ያደክማል።

ያንን ሳነብ የሰፈራችን ሴቶች ትዝ አሉኝ። እነሱ ቀድመው ሠርተውታል። ወንድሜ የወጣበት ሰሞን በየዓመቱ እናቴ ቤት ቡና ይፈላል። ተዝካር አይደለም፣ ጥቁር አይለበስም። "ይመጣል" የሚልም የለም፣ "ሞቷል" የሚልም የለም። ዳቦ ይቆረሳል፣ ስለሱ ይወራል። ልጅ ሳለ ገብስ ጠብቅ ተብሎ እንቅልፍ ወስዶት፣ ጭላዳው ማሳውን እንዳለ ሲግጠው ከጭላዳ መሐል ተኝቶ የተገኘበት ታሪክ በየዓመቱ ይነገራል፤ በየዓመቱም ጭላዳው ይበዛል። እናቴ ትስቃለች። ከዚያ ታለቅሳለች። ከዚያ ሲኒ ታጥባለች። ድንኳን ባይኖርም ሰው መጥቶላታል።

ለኔ ግን ቡና ብቻውን አልበቃም። ይህንን በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም "አብሮ ማልቀስ ሁሉን ይፈውሳል" ብዬ ብሸኛችሁ እዋሻችኋለሁ።

ሐዘንና ድባቴ ይለያያሉ። ሐዘን ይመጣል፣ ይሄዳል። በመሐል ትስቃለህ፣ ይርብሃል፣ ሕፃን ሲያይህ ፈገግ ትላለህ። ድባቴ ይሰነብታል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ቀኑን አብዛኛውን ሰዓት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ልብህ ከከበደ፣ ትወደው የነበረው ነገር ጣዕም ካጣ፣ እንቅልፍህና ምግብህ ከተዛባ፣ አቅም ካጣህ፣ "እኔ ለማንም አልጠቅምም" የሚል ሐሳብ ከተመላለሰብህ፣ መታየት አለብህ። የዓለም ጤና ድርጅት ድባቴ ያለበት ሰው በመላው ዓለም 332 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ገምቷል። ስለዚህ አንተ ላይ ብቻ የወረደ እርግማን አይደለም።

እኔ ሄድኩ። ካርድ አወጣሁ፣ ተሰለፍኩ። አንድ የማውቀው የተማሪ ወላጅ በኮሪደሩ ሲያልፍ አየኝ፤ ሰላም አልኩት፣ ሰላም አለኝ፣ ሰማይ አልተደፋም። ድሮ የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር የሚታወቀው፤ "አማኑኤል ገባ" ደግሞ ስድብ ነበር። አሁንም ስድብ የሚያደርጉት አሉ። ግን ዛሬ እዚሁ ከተማችን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ብትጠይቁም መንገዱን ያሳዩዋችኋል።

ክኒን ታዘዘልኝ። ለሁሉም ሰው ክኒን አይታዘዝም፤ ቀለል ላለው ድባቴ ከባለሙያ ጋር መነጋገር ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ክኒን ለታዘዘለት ግን አንድ ነገር ልንገረው። በማግሥቱ አይሠራም። ለውጡ እስኪታወቅ ሳምንታት ይፈጃል። ብዙ ሰው "አልረዳኝም" ብሎ የሚጥለው ልክ ሊሠራ ሲል ነው። ሌላው ደግሞ ትንሽ ሲሻለው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ያቆማል፤ ከዚያ ይመለስበታል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ።

አረቄን ሳላነሳ ደብረ ብርሃን ላይ ተናገርኩ ብል ትስቁብኛላችሁ። የከተማችን አረቄ ስሙ ሩቅ ይሰማል፤ ስንት እናት ልጅ አሳድጋበታለች፣ እሱን አልነካም። ግን "እንቅልፍ እንዲወስደኝ" ብላችሁ የምትጠጡ ወንዶች፣ እዚህ ጋ እንነጋገር። አረቄ እንቅልፍ ይሰጣል። ያበድረዋል እንጂ አይሰጥም ብል ይሻላል። ከመሸ ቶሎ ያስተኛሃል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፉን ይሰባብረዋል፣ ጠዋት ድብርቱ ከነወለዱ ይጠብቅሃል። ሸዋ ሮቢት በኩል ላላችሁት ጫቱም እንዲሁ ነው፤ ሲመረቀን የጠፋው ሐሳብ ሲለቅ ጓደኛ ጠርቶ ይመጣል።

ጸበሉስ? ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አካባቢያችን ጻድቃኔ ማርያም አለች፣ ሸንኮራ ዮሐንስ አለ፤ ሰው ከአገር ዳር እየመጣ ይጠመቃል። እኔም ተጠምቄያለሁ። እናቴ ይዛኝ ሄዳ አይደለም፣ አምኜ ነው የሄድኩት። እዚያ ያየሁት ትልቁ ነገር፣ ሰው ስለ ሕመሙ ሳያፍር ማውራቱ ነው። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ስሜን ሳትጠይቅ "አንተን ምን ነካህ?" አለችኝ፤ ለባለቤቴ ያልነገርኩትን ለሷ ነገርኳት። ነገር ግን ጸበል ለመግባት መድኃኒት ይቁም የሚል ሰው ሲመጣ አልስማማም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ ብለው በይፋ አስተምረዋል። ለአእምሮ ሕመም የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ዱዓ የሚያስደርግ ሙስሊም ወንድማችንም ያው ነው፤ ዱዓውም ይሁን፣ ሐኪሙም ይሁን። ታማሚን በሰንሰለት ማሰር ግን በማንም ስም ቢሆን ልክ አይደለም። የታሰረ ሰው ሕመሙ ላይ ውርደት ይጨመርበታል።

አሁን ለታመመው ሳይሆን ለጎረቤቱ ልናገር። ከዛሬ ወደ ቤት ይዛችሁት እንድትሄዱ የምፈልገው ይሄንን ነው።

ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም አሉ። አገራቸው ውስጥ የአእምሮ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ አያቶችን፣ አዎ፣ የሰፈር አሮጊቶችን፣ አሠለጠኑ። በጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። የከፋው ሰው ይመጣል፣ አያቲቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ ያወራል። እሷ አትሰብከውም። ከችግሮቹ አንዱን ብቻ መርጦ ለሱ አንድ ሊሠራ የሚችል ነገር እንዲያስብ ታግዘዋለች። እንዲህ እያደረጉ ስድስት ጊዜ ያህል ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ከስድስት ወር በኋላ ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ሰዎች የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ድባቴያቸው በእጅጉ ቀሎ ተገኘ። አግዳሚ ወንበር እኮ እኛ እድር ቤት ተደርድሮ አቧራ እየጠጣ ነው! አሮጊትም አላጣንም።

ጎረቤታችሁ ትዳሯ ፈርሶ ከሆነ፣ የሞተባት ያህል ቁጠሩና ሂዱ። እንጀራ ይዛችሁ ሂዱ። "እኔ ድሮም ብዬሽ ነበር" አትበሉ። "ከአንቺ የባሰ አለ" አትበሉ፤ ይሄ አባባል ማንንም አጽናንቶ አያውቅም፣ አፍ ብቻ ያዘጋል። "ሰማሁ፣ አዘንኩ" በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ እንደ ለቅሶ ቤት። በሁለተኛው ሳምንትም ሂዱ። በአርባኛው ቀን ደግሞ ሂዱ፤ ሰው ሁሉ ረስቶ የሚሄደው ያኔ ነው። ልጁን አንድ ቀን ያዙላት፣ እህል ወፍጮ ቤት አድርሱላት። ፍራሹ ላይ ስትከርምም "ተነሺ፣ ገበያ አብረን እንውጣ" የምትል አንዲት ሴት ትኑር።

አንድ የከበደ ነገር ቀርቷል። አንዳንዱ ሰው "ምነው ባልነቃሁ" ይላል። ዕቃውን ለሰው ማደል፣ መሰናበት፣ መጥፋት ይጀምራል። በግልጽ ጠይቁት። "ራስህን ልታጠፋ እያሰብክ ነው?" ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ውስጥ አይከትም፤ ይልቁንም ብዙ ጊዜ ሰው "በመጨረሻ አንድ ሰው ጠየቀኝ" ብሎ ይተነፍሳል። አዎ ካለህ ብቻውን አትተወው። ገመዱን፣ የተባይ መድኃኒቱን፣ መሣሪያውን ከቤት አውጣ። አብረኸው ሆስፒታል ሂድ፤ "ነገ እንሄዳለን" አትበል፣ ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ክፍት ነው። ምስጢር አድርግልኝ ቢልህም በዚህ ምስጢር አይጠበቅም።

አንተስ ሰላም አገኘህ ወይ ለምትሉኝ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሁንም አንዳንዴ እነቃለሁ። ልዩነቱ ተመልሼ መተኛቴ ነው። ወንድሜ አልተገኘም። ስሙ ሲጠራ ግን ከክፍሉ አልወጣም፣ እኔም አወራለሁ። ኳሱንም ማየት ጀምሬያለሁ፤ ቡድኔ ሲሸነፍ እንደ ጤነኛ ሰው እናደዳለሁ።

እዚያ ከኋላ ሹራብ ለብሳ የተቀመጠችው የአእምሮ ጤና ነርስ ናት፤ ለምኛት ነው የመጣችው። ሰው እያየኝ አላናግራትም የምትሉ፣ አሁን ሻይ ሲመጣ ሁሉም ስለሚቆም ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ አይታወቅም፣ ያኔ ጠጋ በሉ። ጥያቄ ደግሞ መጀመሪያ ልጆቹ ይጠይቁ፤ ወላጆች እንስማ። ማይኩን ለዚያ በመስኮቱ በኩል ላለው ልጅ አቀብሉልኝ።